ከወለድኩ ወዲህ የሚሄድልኝ ልብስ ጠፋብኝ

ጥያቄ

ሰላም እትዬ እንዴት ኖት፣ አምዶን ሁሌ ነው የማነበው ግን አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አሁን ሰባት ወር ሊሞላት ነው፣ ጤነኛ ናት፣ ጡት በደንብ ትጠባለች፣ በሷ በኩል ምንም የሚያሳስበኝ ነገር የለም። ጭንቄ እኔው ነኝ። በሚቀጥለው ወር ሥራ እገባለሁ፣ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የሚያገናኝ ሥራ ነው፣ እና እስቲ ምን እለብሳለሁ ብዬ ቁም ሳጥኔን ከፍቼ አንድ በአንድ መሞከር ጀመርኩ። ሱሪዎቼ ግማሾቹ ዳሌዬ ላይ ቆሙ፣ የወጡትም ቁልፋቸው አልገጥም አለ፣ ሸሚዞቼ ደረቴ ላይ ይከፈታሉ፣ ቀሚሶቼ ዚፓቸው ጀርባዬ ላይ መሀል መንገድ ይቀራል። ኪሎዬ እኮ ከድሮው በሦስት ብቻ ነው የሚበልጠው፣ ግን ልብሱን ስለብሰው የሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ።

ስለዚህ ምን አደርጋለሁ፣ ታይትና የባለቤቴን ቲሸርት። ቤትም እሱ ውጪም እሱ፣ እንግዳ ከመጣ ከላዩ ሹራብ ጣል አደርጋለሁ በቃ። ፎቶ ሲባል ደሞ ሁሌ አንሺዋ እኔ ነኝ፣ ከልጄ ጋር የተነሳሁት በጣት የሚቆጠር ነው እሱም ከአንገቴ በላይ ብቻ። ባለፈው ስልኬን ወደ ኋላ ሳይ ይሄን አስተዋልኩና አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ታላቅ እህቴ ሰፋ ሰፋ ያለ ልበሺ ሁሉንም ይሸፍንልሻል ትለኛለች፣ ሁለት ሰፋፊ ቀሚስም ገዝታልኛለች፣ ከልቧ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ለብሼው መስታወት ፊት ስቆም ጭራሽ ገዝፌ ነው የምታየው። ጓደኛዬ ደሞ ቦርጭ የሚይዝ ጠበቅ ያለ የውስጥ ልብስ ሰጠችኝ፣ እሱን ለብሼ መቀመጥ አልቻልኩም፣ በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ ጠባሳው ላይ ሲያርፍ ያሳክከኛል። ባለቤቴን ስጠይቀው ቆንጆ ነሽ ይለኛል፣ ደስ ይለኛል ግን ጠዋት ምን እንደምለብስ አይነግረኝም።

እውነቱን ለመናገር ከመውለዴ በፊትም የራሴ ስታይል ነበረኝ ማለት አልችልም፣ ፋሽን የሆነውን ነበር የምገዛው፣ ያኔ ሁሉም ነገር ይሄድልኝ ስለነበር ማሰብም አላስፈለገኝም። አሁን የምፈልገው በየጊዜው የማይለዋወጥ፣ ክላሲክ የሚሉት ዓይነት፣ ጨዋ ሆኖ የሚያምር፣ ለብሼው ስወጣ ቀኑን ሙሉ እየጎተትኩ የማላስተካክለው ልብስ ነው። አሁን ልግዛ ወይስ እስክከሳ ልጠብቅ? ገንዘቤ ብዙ አይደለም። የድሮዎቹን ምን ላድርጋቸው? ቢሮ ሆኜ ወተት ማለብ አለብኝ፣ በምን ዓይነት ልብስ ነው የሚቻለው? ጫማስ፣ የድሮ ታኮ ጫማዎቼ በሙሉ ይጨቁኑኛል፣ እግር ደሞ ምን ሆኖ ነው?

ግራ የገባት እናት

መልስ

የኔ እህት፣ በመጀመሪያ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ ልጅሽንም ያሳድግልሽ። ከጻፍሽው ሁሉ የከበደኝ የፎቶው ነገር ነው፣ እሱ ላይ እመለሳለሁ፣ ግን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ ላልሽው ቀጥታ ልመልስልሽ። ግዢ። ጥቂት ግዢ፣ ግን አሁን ግዢ። "ስከሳ እለብሳለሁ" ብለሽ በምትጠብቂው ጊዜ ውስጥ እኮ ሥራ ትገቢያለሽ፣ ልጅሽ ጥርስ ታወጣለች፣ ቆማ ትሄዳለች፣ ያን ሁሉ በባልሽ ቲሸርት የምታሳልፊበት ምንም ምክንያት የለም።

ደሞ ነገሩ የኪሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስት ኪሎ ይሄን ሁሉ አያመጣም ነበር። ማህፀን ወደ ድሮ መጠኑ ለመመለስ ወደ 6 ሳምንት ነው የሚፈጅበት፣ እሱ ፈጣኑ ነው። የጎድን አጥንትሽ ግን ልጅቷ ሆድሽ ውስጥ ስታድግ ወደ ጎን ተከፍቷል፣ የዳሌሽን ጅማት በእርግዝና ጊዜ የሚመነጨው ሪላክሲን የሚባል ሆርሞን አላልቶታል፣ የሆድሽ ጡንቻም መሀል ለመሀል ተራርቋል። ይሄ የጡንቻው ክፍተት አንዳንዷ ላይ በጥቂት ወር ይገጥማል አንዳንዷ ላይ ዓመት አልፎትም ይቀራል፣ እና እሱ እስካለ ድረስ የፈለገውን ያህል ብትከሺ ሆድሽ ወደፊት ወጣ ሊል ይችላል። በጀርባሽ ተኝተሽ ጭንቅላትሽን ቀና ስታደርጊ እምብርትሽ አካባቢ ጣትሽ ወደ ውስጥ የሚገባበት ክፍተት ካገኘሽ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂጂ፣ ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ያሳዩሻል። እያጠባሽ በረሃብ ለመክሳት ግን እንዳትሞክሪ አደራ። የድሮው ሱሪሽ አልገባ ያለው አጥንትና ጡንቻው ቦታ ስለቀየረ ነው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም።

የእህትሽ ምክር የብዙ ሰው ምክር ነው፣ ከፍቅር የመጣም ነው፣ ግን አይሠራም። አሁን ደረትሽ ሞላ ብሏል፣ ሰፊ ልብስ ደሞ ከደረት ጫፍ ላይ ነው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደው፣ ስለዚህ ከደረትሽ ስር ያለው ቀጭኑ ቦታ ይጠፋና ከትከሻሽ እስከ ጉልበትሽ ድንኳን ይሆናል። ፎቶ ከፊት የተነሳሽ እንደሆነ ብዙም ላይታይሽ ይችላል፣ በጎን ግን ታዪዋለሽ። ሰውነት ቅርጽ እንዲኖረው አንድ ቦታ ላይ ልብሱ ሰውነትሽን መንካት አለበት፣ የቀረው ላላ ቢል ችግር የለውም። ላንቺ አሁን ያ ቦታ ከደረት ስር ወይም ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከላይ ሰፋ ካለ ከታች ቀጥ ያለ፣ ከታች ሰፋ ካለ ከላይ ገጠም ያለ፣ ሁለቱም አንድ ላይ አይስፉ ሁለቱም አንድ ላይ አይጥበቡ።

የመጀመሪያ ገንዘብሽን የምታወጪው ማንም በማያየው ነገር ላይ ነው፣ ጡት ማስያዣ። ይሄን ስል ብዙ ሴቶች ቅር ይላቸዋል፣ ለቀሚስ ያሰቡትን ገንዘብ የውስጥ ልብስ ላይ አውጪ ሲባሉ ይቆጫሉ፣ ግን ደረትሽ በቦታው ካልተቀመጠ ከላይ የምትለብሺው ማንኛውም ልብስ በቦታው አይቀመጥም። ልክሽን እንደገና ተለኪ፣ ከጡትሽ ስር ዙሪያውን ከዛ ደሞ ሞላ ያለው ቦታ ላይ፣ የድሮውን ቁጥር እርሺው። ክብደቱን መያዝ ያለበት ዙሪያው እንጂ ማንጠልጠያው አይደለም፣ ከኋላ ወደ ላይ ከተሳበ ዙሪያው ሰፍቶሻል ማለት ነው፣ ማንጠልጠያው ትከሻሽን ከቆረጠሽም ያው እሱው ነው ምክንያቱ። የምታጠቢ እናት ጡት በቀን ውስጥ መጠኑ ስለሚለዋወጥ ሽቦ የሌለው ለስላሳና ትንሽ የሚሳብ ካፕ ያለው ይሻልሻል፣ ጠብቆ የሚጫን ነገር የወተት ቱቦን ሊዘጋና ሊያሳብጥ ይችላል። ልክሽ የሆነውን አድርገሽ መስታወት ፊት በጎን ቁሚ፣ በደረትሽና በእምብርትሽ መሀል ርቀት ታያለሽ፣ ያ ርቀት ነው ወገብ የሚሰጥሽ። አንዳንዷማ ይሄን ብቻ አስተካክላ ተወርውረው የነበሩ ልብሶቿ ግማሹ ይመለሱላታል።

ጓደኛሽ የሰጠችሽን ጠባብ የውስጥ ልብስ መልሺላት። ሆድን ጨምቆ የሚይዝ ነገር ግፊቱን የሚልከው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፣ ወደ ታች ያለው ጡንቻ ደሞ በእርግዝና የደከመ ጡንቻ ነው። ሐኪም ለኦፕራሲዮኑ ብሎ ያዘዘልሽ ቀበቶ ካለ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የኦፕራሲዮን ጠባሳ ለወራት መደንዘዝና ማሳከክ የተለመደ ነው፣ ስለዚህ የሱሪሽ ወገብ ዚፑም ስፌቱም ጠባሳው ላይ እንዳያርፍ አድርገሽ ምረጪ፣ እምብርትሽ አካባቢ የሚደርስ ከፍ ያለ ወገብ ያለው፣ ከፊት ዝርግ ሆኖ ከኋላ ላስቲክ የገባበት በጣም ይመችሻል፣ ከፊት ስለማይሸበሸብ ሸሚዝ አስገብተሽ ብትለብሺው ላስቲክ እንዳለው ማንም አያውቅም። ጨርቁ ኤላስቴን የሚባለው የሚለጠጥ ክር 2 ወይም 3 በመቶ ቢኖረው ይበቃል፣ ስትቀመጪ ይሰጥሻል ስትነሺ ቅርጹ ይመለሳል።

ክላሲክ ያልሽው ነገር ላይ እንምጣ፣ እኔ በጣም የምወደው ርዕስ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የፈረንሳዊቷ ዲዛይነር የኮኮ ሻኔል ቀላል ጥቁር ቀሚስ ቮግ መጽሔት ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፣ ዛሬም ቢሮ ሊለበስ ይችላል። አግድም መስመር ያለው ነጭና ሰማያዊ ካናቴራ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1858 ለመርከበኞቹ የደነገገው ልብስ ነው፣ እሱም ዛሬ ድረስ አለ። ዳያን ፎን ፈርስተንበርግ የተባለችው ዲዛይነር ከፊት ተደርቦ በገመድ የሚታሰረውን ቀሚሷን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ሦስቱም ላይ ብዙ ጌጥ የለም፣ መስመራቸው ቀላል ነው፣ ሰው ለብሷቸው መንቀሳቀስና መሥራት ይችላል፣ ዘመን የተሻገሩትም ለዚህ ይመስለኛል። አንቺም ዕቃ ስትመርጪ በዚህ ዓይን እዪው፣ ከላዩ ላይ ያለው ጌጥ ቢነሳ ልብሱ ያምራል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ አያምርም ካልሽ ተይው።

ከሦስቱ ላንቺ አሁን የመጀመሪያ ምርጫዬ ተደራቢው ቀሚስ ነው። አንገቱ ቪ ስለሚሠራ ሞላ ያለ ደረትን ያረዝመዋል፣ ለማጥባትም ለማለብም ከፊት ይከፈታል፣ ገመዱ ከደረትሽ ስር በጎን ይታሰራል፣ ከዛ በላይ ደሞ ሰውነትሽ በየወሩ ቢለዋወጥ ገመዱን ታጠብቂዋለሽ ወይ ታላዪዋለሽ እንጂ ሌላ ቀሚስ አትገዢም። ስትገዢ ግን ተጠንቀቂ፣ ተደራቢ መስሎ ከፊቱ የተሰፋ አለ፣ እሱ አይላላም አይከፈትም። ከውስጥ ቀጭን ካናቴራ ልበሺበት፣ ስታጎነብሺ አያሳስብሽም። ባለመስመሩን ካናቴራ በተመለከተ ደሞ አግድም መስመር ያወፍራል እያሉ ያስፈራሩሽ ይሆናል፣ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ የሳይንስ ሰው ግን ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአግድም መስመር የተሞላ ካሬ በቁም መስመር ከተሞላው እኩል ካሬ ይልቅ ረዘምና ቀጠን ብሎ እንደሚታይ ጽፏል። ቀጠን ያለ መስመር ያለውን ያለ ፍርሃት ልበሺ።

ለቢሮ ዋናው ነገር ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ መሆኑ ነው፣ ከኋላ ዚፕ ያለው ቀሚስ ወተት ለማለብ ሙሉ ለሙሉ ማውለቅ ነው፣ በሥራ ሰዓት ደሞ ያ አይሆንም። ከፊት እስከ ታች ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ውሰጂ፣ ደረትሽ ላይ እንዳይከፈት ለደረትሽ የሚበቃውን ሳይዝ ገዝተሽ ወገቡን ልብስ ሰፊ ጋ አስጠብቢው። ይሄን ሕግ ያዢልኝ፣ ከላይ የሚለበስ ነገር ሲገዛ ትከሻና ደረት ነው የሚታየው ምክንያቱም ትከሻ ማስተካከል ለልብስ ሰፊ አስቸጋሪ ነው፣ ወገብ ማጥበብና ማሳጠር ግን ቀላል ሥራ ነው፣ ሱሪ ሲሆን ደሞ ለሰፊው ቦታ፣ ለዳሌና ለሆድ የሚበቃውን ገዝቶ ሌላውን ማስጠበብ። ሲያጠብብልሽ ትርፉን ጨርቅ እንዳይቆርጠው ንገሪው፣ ነገ መልሰሽ ማስፋት ልትፈልጊ ትችያለሽ። ሳይዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከከበደሽ ወረቀቱን ቁረጪና ጣዪው፣ የቢሮ ሰው ያንን አያነብም።

ቀለሙን ቀላል አድርጊው። ጥቁር ሰማያዊን መሠረት አድርጊ፣ ከሱ ጋር ክሬም፣ ወይን ጠጅ ወይም የሚሄድልሽ ሌላ አንድ ቀለም፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይለበስ። ከላይና ከታች የሚቀራረብ ቀለም ለብሰሽ ከላዩ ሌላ ቀለም ያለው ጃኬት ሳትቆልፊው ጣል ስታደርጊ ዓይን ሳይቋረጥ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቁመትም ይጨምራል። የጃኬቱ ጫፍ ግን ዳሌሽ ሰፊው ቦታ ላይ አይቁም፣ ወይ ከሱ ከፍ ወይ ዝቅ ይበል። ወተት ካፈሰሰሽ ደሞ ፈካ ያለ ግራጫና ሐር ወዲያው ያሳብቃሉ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቃቅን ህትመት ያለበት ጨርቅ ይደብቃል፣ ጃኬቱም እዚህ ላይ ያገለግልሻል። ወተት የነካው ልብስ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀለቀው፣ ሙቅ ውሃ ቅሪቱን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። በውሃ የማይታጠብ ልብስ ለአሁኑ አትግዢ። ረጅም የአንገት ሐብልና ዶቃም ይቆይ፣ ልጅሽ ስትጎትተው ተበጥሶ አፏ ሊገባ ይችላል፣ ጆሮሽ ላይ የሚጣበቅ ጉትቻ ይበቃል።

እንግዲህ ለመጀመሪያ ሁለት ሱሪ፣ ከፊት የሚከፈት ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ ተደራቢ ቀሚስ፣ አንድ ጃኬትና አንድ ካርዲጋን ካለሽ ሥራ ትገቢበታለሽ። ሱሪ የሚሄድልሽን አንዱን ቅርጽ ካገኘሽ በሁለት ቀለም ግዢው፣ ስታይል ማለት ለኔ በአብዛኛው የሚሄድን ነገር አውቆ መድገም ነው። ስትሞክሪ ዝም ብለሽ ቆመሽ አትዪ፣ ተቀመጪ፣ ጎንበስ በዪ፣ ልጅሽን አንሺበት፣ እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ፣ ከዛ በኋላ መጎተትና ማስተካከል ካስፈለገሽ ያ ልብስ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ያደርግሻል።

የድሮዎቹን አትጣዪ፣ ግን ከዓይንሽ ስር አንሺያቸው። ጠዋት ጠዋት አልገባም የሚልሽን ልብስ አልፎ የሚገባሽን መፈለግ ያደክማል። ሻንጣ ውስጥ አድርገሽ አስቀምጪ፣ ጡት ከተወች ከጥቂት ወር በኋላ ክፈቺው፣ ያኔ የሚሆንሽን ታስቀሪያለሽ የማይሆንሽን ለሚሆነው ሰው ትሰጫለሽ። ከመዝጋትሽ በፊት ግን አንድ ነገር እዪልኝ፣ ፋሽኑ ካለፈ በኋላም ደጋግመሽ የለበስሽው የትኛው ነበር? አንገቱ ምን ዓይነት ነው፣ እጅጌው የት ይደርሳል፣ ቀለሙስ? ስታይል አልነበረኝም ብለሻል፣ እዛ ውስጥ ግን ፍንጩ አለ።

የፎቶው ነገር። እባክሽ ልብሱ እስኪገዛ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ባለቤትሽ ስልኩን ይያዝና አንቺና ልጅሽን ሙሉ ቁመታችሁን ያንሳችሁ። ልጅሽ አድጋ ስታየው የምትፈልገው እናቷን ነው፣ ሱሪሽን አታይም። ፀጉርሽ እየረገፈ ከሆነና እሱም ከካሜራ ካራቀሽ፣ ከወሊድ በኋላ በ3ኛው ወር አካባቢ የሚጀምር የተለመደ ነገር ነው፣ ብዙዎች ላይ ልጅ ዓመት ሲሞላት ይመለሳል። ለቅሶው ግን ከልብስ ያለፈ ከሆነ፣ ልጅቷ ተኝታም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ድሮ ደስ የሚልሽ ነገር ሁሉ ደስታው ከጠፋብሽና ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ለሐኪም ወይም ለአዋላጅ ነርስ ንገሪ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት በመጀመሪያው ዓመት በማንኛውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል፣ ሕክምናም አለው፣ ጡት እያጠባሽም ይታከማል። ይሄን የምለው ላስፈራራሽ አይደለም፣ አለቀስኩ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው።

የቀረው ጫማ ነው። በእርግዝና ጊዜ ክብደቱም የጅማቱ መላላትም የውስጥ እግርን ቅስት ዝቅ ያደርገዋል፣ እግር ይረዝማል ይሰፋል፣ ብዙ ሴቶች ላይ ደሞ እንደዛው ይቀራል፣ ስለዚህ የጨቆኑሽ ታኮዎች ቢቆዩም ላይበጁሽ ይችላሉ። አዲስ ስትገዢ ከሰዓት በኋላ ሄደሽ ተለኪ፣ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠብባል። ለሥራ ጫፉ ሾል ያለ ፍላት ወይም አጭርና ወፍራም ተረከዝ ያለው አንድ ጥሩ የቆዳ ጫማ፣ ከሱሪሽ ቀለም ጋር የሚቀራረብ፣ እግርሽንም ያስረዝመዋል፣ ልጅ ይዘሽ ደረጃ ስትወርጂም አያንገዳግድሽም።